በድሬዳዋ ለመውለድ ስንት ብር ያስፈልጋል? የወሊድ ወጪ ከምን እንደሚመጣና ዋጋው ከተቋም ተቋም ለምን እንደሚለያይ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

አንዲት ነፍሰ ጡር እናት ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ ቤት ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የት ትውለድ? ስንትስ ያስፈልጋል?» ጥያቄው ለጎረቤት ሲቀርብ አንዷ «ጤና ጣቢያ ወልጄ አምስት ሳንቲም አልከፈልኩም» ትላለች። ሌላዋ «እኛ የግል ሆስፒታል ገብተን ያጠራቀምነው ሁሉ አለቀ» ትላለች። ሦስተኛዋ ደግሞ «የመንግሥት ነው፣ ነፃ ነው ብለን ገብተን ባለቤቴ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን ሲዞር አደረ» ትላለች። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ ግን ሰሚው የሚይዘው ፍርሃትን ብቻ ነው።

ፍርሃቱ ዋጋ ያስከፍላል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች 26 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ዳሰሳ ቁጥሩ ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል። በ2008ቱ ዳሰሳ በ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት 412 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞቱ እንደነበር ተገምቷል። ከእነዚህ ሞቶች ብዙዎቹ የሚደርሱት ቤተሰብ «እንሂድ ወይስ እንጠብቅ?» እያለ ሲመክር በሚያልፈው ሰዓት ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ወጪውን አስቀድሞ ማወቅ ሕይወትን ከመጠበቅ ተለይቶ አይታይም።

ይህ ጽሑፍ የየተቋማቱን የዋጋ ዝርዝር አይዘረዝርም። የግል ተቋማት ዋጋ በየጊዜው ይቀያየራል፤ ዛሬ የተጻፈ ቁጥር ከጥቂት ወራት በኋላ አንባቢን ያሳስታል። ከዚያ ይልቅ ሒሳቡ ከምን ከምን እንደሚገነባ፣ የትኛው ወጪ እንደማይቀርና የትኛውን ማስቀረት እንደሚቻል፣ ከመግባት በፊትም ምን ምን መጠየቅ እንደሚገባ እናያለን።

በመንግሥት ተቋም ነፃ የሆነው ምንድን ነው?

ኢትዮጵያ በ1990 ዓ.ም. ባወጣችው የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስትራቴጂና እሱን ተከትለው በወጡ ሕጎች መሠረት አንዳንድ አገልግሎቶች ከክፍያ ነፃ ተደርገዋል። የእርግዝና ክትትል፣ የማዋለድ አገልግሎት፣ የድኅረ ወሊድ ክትትልና የሕፃናት ክትባት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ይህ ነፃ አገልግሎት የድህነት ማስረጃ ወይም የቀበሌ ደብዳቤ አይጠይቅም፤ ሀብታምም ድሃም እኩል ይጠቀምበታል።

በድሬዳዋ የዚህ አገልግሎት የመጀመሪያው በር በየአካባቢው ያለው ጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያ በምጥ የመጣች እናትን በሰለጠኑ አዋላጅ ነርሶች ያዋልዳል፤ ደም እንዳይፈስ የሚሰጠውን መርፌ ይወጋል፣ ለሕፃኑም የመጀመሪያ እንክብካቤ ያደርጋል። ኦፕሬሽን ወይም ደም መስጠት ካስፈለገ ግን ወደ ሆስፒታል ይልካል። በከተማዋ ያሉት የመንግሥት ሆስፒታሎች ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታልና ሳቢያን ሆስፒታል ናቸው። ድል ጮራ የሚያገለግለው የድሬዳዋን ነዋሪ ብቻ አይደለም፤ ከምሥራቅ ሐረርጌና ከሶማሌ ክልል አጎራባች ወረዳዎች የሚላኩ እናቶችም ወደዚያ ይመጣሉ። መጨናነቁ በከፊል የሚመነጨው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ብዙ ቤተሰብ «ሆስፒታል ይሻላል» ብሎ ጤና ጣቢያን አልፎ በቀጥታ ሆስፒታል ይገባል። ክትትሏ ጤናማ የሆነ እናት በጤና ጣቢያ ብትወልድ ወረፋውም ድካሙም ይቀንስላታል፤ አንድ ነገር ቢፈጠርም ጤና ጣቢያው በሪፈር ወረቀትና በአምቡላንስ ይልካታል። በሪፈር የመጣች እናት ደግሞ ታሪኳ ከእሷ ጋር ስለሚመጣ ምርመራዋ ከዜሮ አይጀመርም።

«ነፃ» በተባለው ቦታ ገንዘብ የሚወጣው በምን በምን ነው?

ነፃ የሆነው የባለሙያው አገልግሎት፣ የማዋለጃ ክፍሉና ተቋሙ በእጁ ያለው መድኃኒት ነው። በዙሪያው ያሉት ወጪዎች ግን የቤተሰቡ ናቸው።

አንደኛው መጓጓዣ ነው። ምጥ ሌሊት ሲመጣ ባጃጅ የሚጠይቀው ከቀኑ ጋር አይመሳሰልም። የደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል በመሆኑ በክረምት ጎርፍ ሲመጣ ከመጋላ ወደ ከዚራ መሻገር አስቸጋሪ የሚሆንበት ቀን አለ። በገጠር ቀበሌዎች ያሉ ቤተሰቦች ደግሞ ከዚህ የባሰ ርቀት አለባቸው። የጤና ጣቢያ አምቡላንስ ለወላድ ነፃ ነው፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ጥሪም 907 ነው። ቁጥሮቹን ምጥ ሳይመጣ በስልክ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ተቋሙ ያጣው መድኃኒትና ቁሳቁስ ነው። ግሉኮስ፣ አንቲባዮቲክ፣ የቀዶ ጥገና ክር፣ ጓንት ሲያልቅ «ከውጭ ግዙ» የሚል ማዘዣ ይሰጣል። ከግል መድኃኒት ቤት ሲገዛ ዋጋው ከቤት ቤት ይለያያል፤ ሌሊት ክፍት የሆነው አንድ ብቻ ሲሆን ደግሞ መምረጥ አይቻልም።

ሦስተኛው ውጭ የሚላክ ምርመራ ነው። የላቦራቶሪ ኬሚካል ሲያልቅ ወይም የአልትራሳውንድ ወረፋው ሲረዝም ቤተሰብ ወደ ግል ይሄዳል። አራተኛው የአስታማሚው ነው፤ ምግብ፣ ውሃ፣ ማደሪያ፣ ከሥራ የቀረበት ቀን። በቀን ሥራ ለሚያድር አባት ሦስት ቀን ሆስፒታል ደጃፍ መዋል ራሱ ትልቅ ወጪ ነው።

አምስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። የእናትየው ደም አርኤች ኔጋቲቭ፣ የአባትየው ደግሞ ፖዘቲቭ ከሆነ አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ያስፈልጋል። መርፌው ውድ ነው፤ በየመድኃኒት ቤቱም አይገኝም፤ ሕፃኑ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደ በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። የደም ዓይነት በመጀመሪያው ክትትል ስለሚታወቅ ለዚህ ወጪ ለመዘጋጀት ብዙ ወራት አሉ። በመጨረሻው ቀን የሰሙት ግን በአንድ ቀን ውስጥ ይበደሩበታል።

የግል ተቋም ሒሳብ እንዴት ይሠራል?

በድሬዳዋ እንደ ቢላል፣ አርትና የማርያም ወርቅ ያሉ የግል ሆስፒታሎች አሉ፤ ከእነሱ በተጨማሪም ልዩ ልዩ ደረጃ ያላቸው ክሊኒኮች አሉ። በአገራችን ለግል ተቋማት የማዋለጃ ዋጋ ጣሪያ አልተቀመጠም፤ እያንዳንዱ ራሱ ይተምናል። የሚጠየቀው ገንዘብም ሁለት ዓይነት አቀራረብ አለው።

አንዱ ጥቅል ዋጋ ነው። «በምጥ ለመውለድ ይህን ያህል፣ በኦፕሬሽን ይህን ያህል» ይባላል፤ የሐኪሙ፣ የአልጋው፣ የተለመደው መድኃኒት በውስጡ ይካተታል። ሌላው ዝርዝር ሒሳብ ነው፤ ማዋለጃው ለብቻ፣ አልጋው በሌሊት፣ መድኃኒቱ በፍሬ፣ ምርመራው በዓይነት ይታሰባል። በዝርዝር የሚያስከፍለው ተቋም መጀመሪያ ላይ ሲጠየቅ ርካሽ ይመስላል፤ መጨረሻ ላይ ግን ሊበልጥ ይችላል።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የተቀመጡ እንጂ የማንም ተቋም ዋጋ አይደሉም። «ሀ» ተቋም በጥቅል 20,000 ብር ይጠይቃል እንበል። «ለ» ተቋም «ማዋለጃ 14,000 ብር» ይላል። ቤተሰቡ 6,000 ብር አተረፍን ብሎ ወደ «ለ» ይገባል። ሲወጣ ግን ሁለት ሌሊት አልጋ 3,000፣ መድኃኒትና ግሉኮስ 3,200፣ ላቦራቶሪ 1,300፣ የሕፃናት ሐኪም ምርመራ 1,000፣ የሌሊት ጭማሪ 2,000 ይታከልበታል። ድምሩ 24,500 ብር ሆነ። «ለ» አላጭበረበረም፤ የተጠየቀውን ብቻ መለሰ። ጥያቄው «ማዋለጃ ስንት ነው?» ሳይሆን «ገብተን እስክንወጣ በአጠቃላይ ስንት ይሆናል?» መሆን ነበረበት።

ጥቅል ዋጋም ቢሆን ወሰን አለው። ብዙውን ጊዜ ጥቅሉ የሚሸፍነው ችግር ያልገጠመውን ወሊድ ነው። በምጥ ተጀምሮ ወደ ኦፕሬሽን ሲዞር፣ ደም ሲያስፈልግ፣ የመቆያው ሌሊት ሲጨምር አዲስ ሒሳብ ይከፈታል።

ዋጋው ከተቋም ተቋም ለምን ይለያያል?

ደመወዙን የሚከፍለው ማን ነው? የመጀመሪያውና ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። በመንግሥት ተቋም የአዋላጇ ደመወዝ፣ ሕንፃውና መሣሪያው በበጀት ይሸፈናል። በግል ተቋም ግን ይህ ሁሉ፣ የቤት ኪራዩና ግብሩም ጭምር፣ ከታካሚው ኪስ ይወጣል።

የሚያዋልደው ማን ነው? በአዋላጅ ነርስ፣ በጠቅላላ ሐኪምና በማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት መውለድ ዋጋቸው የተለያየ ነው። ስፔሻሊስቱ የተቋሙ ቋሚ ሠራተኛ ካልሆነና በጥሪ የሚመጣ ከሆነ ከክፍያው የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በሌሊት፣ በጁምዓና በበዓል ቀን ጥሪ ላይ ጭማሪ የሚጠይቁም አሉ።

የመውለጃው መንገድ ምንድን ነው? በምጥ ለሚደረግ ወሊድ ሁለት ባለሙያ ሊበቃ ይችላል። ለኦፕሬሽን ግን ቀዶ ሐኪም፣ ረዳት፣ የሰመመን ባለሙያና ነርሶች፣ የቀዶ ጥገና ክፍል፣ የሰመመን መድኃኒት፣ ኦክስጅን ያስፈልጋሉ፤ መቆያውም ይረዝማል።

ተቋሙ ምን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል? ሃያ አራት ሰዓት የቀዶ ጥገና ቡድን ያለው፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተርና የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ያለው ተቋም እነዚህን ባትጠቀምባቸውም ወጪያቸውን በዋጋው ውስጥ ያስገባል። ይህ የሌለው ክሊኒክ ርካሽ ቢሆን አይገርምም። ችግር ሲመጣ ግን ወደ ሆስፒታል ይልካል፤ ያኔ ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ ከዚያ የሚከፋው ደግሞ የሚባክነው ጊዜ ነው።

መድኃኒቱ ከየት ይመጣል? አብዛኛው የሕክምና ቁሳቁስ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት የብርን ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ ከዚያ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከክር እስከ ሰመመን መድኃኒት ድረስ ይህ ደርሶበታል። ያለፈው ልጅ ሲወለድ የተከፈለውን ይዞ ለአሁኑ ማቀድ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ክፍሉ ምን ዓይነት ነው? ሁለት እናቶች የሚተኙበትና ለብቻ የሚያዝ ክፍል ዋጋቸው ይለያያል። የክፍሉ ምቾት ግን ከሕክምናው ጥራት ጋር አንድ አይደለም። ሶፋና ቴሌቪዥን ያለው ክፍል ደም ሲፈስ አያድንም።

ሕፃኑስ? ብዙ ቤተሰብን የሚያስደነግጠው ሒሳብ የእናትየው አይደለም። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ወይም ለመተንፈስ የተቸገረ ሕፃን የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ሲገባ በየቀኑ ይታሰባል። ከማዋለጃው ሊበልጥ ይችላል፤ በጥቅሉ ውስጥም ብዙ ጊዜ የለም።

በኦፕሬሽን መውለድ፦ መቼ ግዴታ፣ መቼ ምርጫ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መግለጫ በአንድ ሕዝብ ውስጥ በኦፕሬሽን የሚወልዱት ከ10 በመቶ በላይ ሲሆኑ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ሞት በዚያ ምክንያት ተጨማሪ ሲቀንስ እንዳልታየ ገልጿል። በእኛ አገር ሁለት ተቃራኒ ችግሮች አብረው ይኖራሉ። በ2008ቱ ዳሰሳ በአገር አቀፍ ደረጃ በኦፕሬሽን የወለዱት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ማለትም ኦፕሬሽን የሚያስፈልጋቸው ብዙ እናቶች አላገኙትም። በአዲስ አበባ ግን ቁጥሩ ከ20 በመቶ በላይ ነበር።

ሐኪም «ኦፕሬሽን ያስፈልጋል» ሲል «ገንዘብ ፈልገው ነው» ብሎ መጠርጠርና ማዘግየት አደገኛ ነው። የእንግዴ ልጁ መውጫውን ከዘጋ፣ የሕፃኑ የልብ ምት ከወረደ፣ ምጡ ከቆመ፣ ሕፃኑ አግድም ከሆነ ኦፕሬሽኑ ነፍስ አድን ነው። ድንገተኛ ሁኔታ ሳይሆን በቀጠሮ የሚደረግ ከሆነ ግን ምክንያቱን መጠየቅ፣ በካርድ ላይ እንዲጻፍ ማድረግና የሌላ ሐኪም አስተያየት መስማት የእናትየው መብት ነው። የሕክምና ምክንያት ያለው ኦፕሬሽን በመንግሥት ሆስፒታልም እንደሚሠራ መታወስ አለበት።

በአካባቢያችን ሌላም የሚነገር ነገር አለ። በልጅነታቸው የተገረዙ፣ በተለይም የተሰፉ እናቶች በምጥ ጊዜ መክፈቻ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ይህን በክትትል ጊዜ ለአዋላጇ አስቀድሞ መንገር አላስፈላጊ ከሆነ መቀደድ፣ ከደም መፍሰስና ከተጨማሪ ወጪም ያድናል። ሐያእ የሚያስመሰግን ጠባይ ነው፤ ጤናን ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ከመናገር ግን አያግድም።

ቤት መውለድ በእርግጥ ርካሽ ነው?

ከላይ ሲታይ ቤት መውለድ ምንም አያስወጣም። ለልምድ አዋላጇ ሳሙና፣ ስኳር፣ ጨርቅ ይሰጣል፤ አበቃ። ነገር ግን ሒሳቡ ችግር ያልገጠመውን ወሊድ ብቻ ይዞ የተሠራ ነው። የእንግዴ ልጅ ሲቀር ወይም ደም ሲፈስ ቤተሰቡ በሌሊት ኮንትራት መኪና ይይዛል፤ እናትየዋ ስትደርስ ደም ያስፈልጋታል፣ ሕፃኑም ይታመማል። በነፃ ሊያልቅ የነበረው በብዙ ሺህ ብር ዕዳ ይተካል፤ ከዚያ የሚብሰውን አላህ ይጠብቀን።

በተቋም መውለድ ሌላም ጥቅም አለው። ሕፃኑ ሲወለድ የሚሰጡ የቢሲጂና የፖሊዮ ክትባቶች እዚያው በነፃ ይገኛሉ። ተቋሙ የሚሰጠው የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ያገለግላል። የልደት ምዝገባ በ90 ቀን ውስጥ መደረግ አለበት። በቤት የተወለደ ልጅ ምዝገባው ስለሚዘገይ ለትምህርት ቤትና ለፓስፖርት ሲፈለግ ወላጅ ሲመላለስ ይከርማል።

ወጪው የማን ነው? ሸሪዓ ምን ይላል?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ጦላቅ 6ኛው አንቀጽ የተፈታች ሴት እንኳ እርጉዝ ከሆነች እስክትወልድ ድረስ እንዲቀለብላት አዟል። በሱረቱል በቀራ 233ኛው አንቀጽ ደግሞ የእናቶችን ምግብና ልብስ በመልካም ሁኔታ የመቻል ኃላፊነት በአባት ላይ አድርጓል። ለተፈታች እርጉዝ ይህ ከተባለ በጋብቻ ውስጥ ላለችው ይበልጥ የተገባ ነው።

በዝርዝሩ ላይ ግን የቀደምት ፉቀሃእ ንግግር መታወቅ አለበት። በአካባቢያችን የሚቀራው የሻፊዒይ መዝሀብ ነው። ኢማም አን-ነወዊ በ«ሚንሃጅ» ከኒፋስ ለመታጠቢያ የሚሆነው ውሃ ዋጋ በባል ላይ መሆኑን ሲያስቀምጡ የሐኪም ክፍያና የመድኃኒት ዋጋን ግን በግዴታው ውስጥ አላስገቡም። ይህን ይዘው «ሕክምናዋ በአባቷ ቤት ነው» የሚሉ ባሎች አሉ። በጊዜው ሕክምና እንደዛሬው የዕለት ተዕለት ፍላጎት አልነበረም። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ያረፉት ታላቁ የሶሪያ ዓሊም ዶክተር ወህባ አዝ-ዙሐይሊ በሰፊው የፊቅህ ሥራቸው ይህን አንስተው፣ ዛሬ የሕክምና ፍላጎት እንደ ምግብ፣ ከዚያም በላይ ሆኗልና ሕክምና በቀለብ ውስጥ መግባቱን መርጠዋል። ልጁ የእሱም ሆኖ ሳለ የመውለጃዋን ወጪ በሚስቱ ወይም በቤተሰቧ ላይ መጣል ከመልካም አኗኗር ጋር አይሄድም።

ሚስት ሥራ ወይም ገንዘብ ኖሯት ከራሷ ብታወጣ ግን ግዴታዋ ሳይሆን በጎ ሥራዋ ነው። የዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ ባለቤት ዘይነብ ለባሏና በእጇ ላሉ የቲሞች የምታወጣውን ስትጠይቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የዝምድናና የሰደቃ ሁለት ምንዳ እንዳላት ነግረዋታል፤ ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

አቂቃን በተመለከተም ቅደም ተከተል አለ። አቂቃ የጠነከረ ሱና ነው፤ የሚታረደውም በሰባተኛው ቀን መሆኑ ይወደዳል። አቅም ለሌለው ግን ግዴታ አይደለም፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ልጁ ለአቅመ አዳም እስኪደርስ ድረስ ሊዘገይ ይችላል። ለወንድ ልጅ ሁለት በግ ለመግዛት ተበድሮ የእናትየውን የብረት እንክብል፣ የድኅረ ወሊድ ምርመራና ምግብ ማጓደል ግዴታን ትቶ ሱናን መያዝ ነው። የአራስ ጥየቃውም እንዲሁ። አርባውን ቀን ሙሉ እንግዳ ማስተናገድ ከማዋለጃው በላይ የሚያስወጣባቸው ቤቶች አሉ። ጠያቂ ሹርባውንና አብሹን ይዞ ቢመጣ ለቤቱ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሴት ሐኪም የምትፈለግ ከሆነ

ብዙ እህቶች በሴት ባለሙያ መውለድን ይመርጣሉ፤ ምርጫውም ሸሪዓዊ መሠረት አለው። ለዚህ ብቻ ብለው ውድ ወደሆነ ተቋም የሚሄዱ አሉ። በጤና ጣቢያም ሴት አዋላጆች ስላሉ በክትትል ጊዜ ጠይቆ ተረኛዋን ማወቅ ይቻላል። ሴት ስፔሻሊስት ሳትገኝ ቀርታ አደጋ ከመጣ ግን ዑለማዎች በሐጃና በዶሩራ ጊዜ ወንድ ሐኪም እንዲያክም ፈቅደዋል፤ የሚገለጠው በሚያስፈልገው ልክ ይሆናል፣ ከተቻለም ባሏ ወይም ሌላ ሴት አብረው ይገኛሉ። ሴት ሐኪም ፍለጋ ነፍስ እስኪያልፍ መጠበቅ ዲን ያዘዘው አይደለም።

ከወር ወር የሚደረግ ዝግጅት

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል መጀመር፣ የደም ዓይነትንና የደም ማነስን ማወቅ። ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ መነሳት ይበቃል፤ ሐኪም ሳያዝ በየወሩ መደጋገም ገንዘብ ማባከን ነው። የክትትል ካርዱን አለመጣል፤ ካርዱ የጠፋባት እናት ምርመራውን እንደገና ትከፍላለች።

ከሦስተኛው ወር ጀምሮ መቆጠብ። በሳምንት 300 ብር ለ26 ሳምንት ቢቀመጥ 7,800 ብር ይሆናል። በመንግሥት ተቋም ለምትወልድ እናት ይህ ለመጓጓዣና ከውጭ ለሚገዛ መድኃኒት ጥሩ መጠባበቂያ ነው። ከወለድ ነፃ የወዲዓ ሒሳብ ለዚህ ይመቻል።

በሰባተኛው ወር ተቋም መምረጥና ዋጋ መጠየቅ። በስምንተኛው ወር የሚያጓጉዘውን ሰው፣ ደም ሊለግሱ የሚችሉ ሁለት ዘመዶችንና ሌሊት አብራ የምትሄደውን ሴት መወሰን። ርቀው የሚኖሩ እናቶች ቀናቸው ሲቃረብ በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ካለ መጠየቅ ወይም ከተማ ካለ ዘመድ ቤት መቅረብ።

ተቀጥራ የምትሠራ እናት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንደሚሰጣት ትወቅ። ለአባትም ሦስት ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር አለው። ፈቃዱን በጊዜው በደብዳቤ መጠየቅ የቤቱን ገቢ ይጠብቃል።

የግል ተቋም ከመግባት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

1. ገብተን እስክንወጣ በምጥ ስንት፣ በኦፕሬሽን ስንት ይሆናል?
2. ጥቅሉ ስንት ሌሊት፣ የትኛውን መድኃኒትና ምርመራ ያካትታል?
3. በምጥ ተጀምሮ ወደ ኦፕሬሽን ቢዞር ሁለቱንም እንከፍላለን ወይስ ልዩነቱን ብቻ?
4. የሚያዋልደው ማን ነው? ሌሊትና በዓል ጭማሪ አለው?
5. የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አለ? በቀን ስንት ነው? ከሌለ ሕፃኑ ወዴት ይላካል?
6. ደም ቢያስፈልግ ከየት ይመጣል?
7. ቅድሚያ የሚያዘው ገንዘብ ስንት ነው? ከተረፈ ይመለሳል?
8. በከፊል የሚከፈልበት መንገድ አለ?

መልሱን በወረቀት መያዝ ይጠቅማል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ስንወጣ ዝርዝር ሒሳብ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ያልተወጋ መርፌ ወይም ያልተሰጠ ግሉኮስ በስህተት ተቆጥሮ ሊገኝ ይችላል። ሕይወቷ አደጋ ላይ የወደቀ እናት ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ አልከፈለችም ተብላ የመጀመሪያ እርዳታ ልትከለከል አይገባም።

ከአቅም በላይ ሲመጣ

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1273/2014 የሚመራ ሥርዓት ነው። ወሊድ ራሱ በመንግሥት ተቋም ነፃ ቢሆንም መድኑ እናትየው ሌላ ሕመም ሲገጥማትና ሕፃኑ ሲታመም ይደርሳል። «ኢንሹራንስ ሐራም አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1985 (እ.ኤ.አ.) ጂዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ የከለከለው ለትርፍ የሚሠራውን የንግድ ኢንሹራንስ ነው፤ በመረዳዳት ላይ የቆመውን ፈቅዷል። ለትርፍ ያልቆመውና አባላት በየዓመቱ አዋጥተው የሚረዳዱበት የማኅበረሰብ መድን ለዚህኛው ይቀርባል፤ ዝርዝሩን የሚፈልግ በአቅራቢያው ያሉ ዑለማዎችን ይጠይቅ።

ዘካም አለ። በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ከተቆጠሩት ስምንት ተቀባዮች ውስጥ ፉቀራእ፣ መሳኪንና ባለ ዕዳዎች ይገኛሉ። በወሊድ ምክንያት ዕዳ የያዘው ድሃ ቤተሰብ በዚህ ይገባል። በረመዷን ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ የመስጂድ ኮሚቴዎች ጥቂት ገንዘብ ለወላዶች ቢያስቀምጡ ብዙ ነፍስ ይታደጋሉ። አፎሻዎቻችን ለለቅሶና ለሠርግ ሲደርሱ ኖረዋል፤ ያው አፎሻ ለምጥ ሌሊት የሚመለስ ቀርድ ሐሰን ቢያዘጋጅ አንድ አባት በመንፈቀ ሌሊት በር ለበር አይለምንም ነበር።

ለማጠቃለል፣ ክትትሏ ጤናማ የሆነ እናት በአቅራቢያዋ ባለ ጤና ጣቢያ በትንሽ ወጪ በሰላም ልትወልድ ትችላለች። አቅም ያለው በግል ተቋም ቢያስወልድ መብቱ ነው፤ ሙሉ ሒሳቡን አስቀድሞ ይጠይቅ። የሌለው ደግሞ ገንዘብ የለኝም ብሎ ቤት አይቅር፤ ምጥ ሲጀምር፣ ደም ሲታይ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን መደብዘዝ ሲመጣ በኪሱ ምንም ባይኖር እንኳ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የወሊድ አገልግሎቱ እዚያ ያለ ክፍያ ይሰጣል።

አላህ ነፍሰ ጡር እናቶቻችንን በሰላም ያገላግል፣ ልጆቻቸውንም ሷሊሕ ያድርግላቸው። ወላሁ አዕለም።